ከሰማያዊው ቀለም ስር

ብረት ምን ዓይነት ቀለም አለው ብትሉኝ ድሮ «ግራጫ» እል ነበር። ዛሬ እንዲህ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ያልተቀባ ብረት የራሴ የሚለው ቀለም የለውም፤ የሚወስደው ያጠገቡን ነው። ደባርቅ ላይ ረፋዱን ሰማዩ ጥርት ሲል ላዩ ሰማያዊ ይላል፣ ከሥሩ የታረሰ መሬት ካለ ሆዱ ቡናማ ይሆናል፣ ጉም ሲወርድ ደግሞ ብረቱ የት ጋ አልቆ ጉሙ የት ጋ እንደሚጀምር አይለይም። ይህን ሁሉ የተማርኩት አርባዬን ካለፍኩ በኋላ፣ ክንዴን የማታክል አንዲት የጭነት መኪና ስሠራ ነው።

ፊዚክስ አስተምራለሁ። የምኖረው ደባርቅ ውስጥ፣ ሰፊ ግቢ ጥግ ለብቻዋ በቆመች አንዲት የኪራይ ክፍል ነው። አላገባሁም። ለምን እንዳላገባሁ የሚጠይቀኝ ሰው በየዓመቱ እየቀነሰ መጥቶ አሁን ጭራሽ ጠፍቷል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሬን ከውስጥ እቆልፋለሁ፤ ሌባ ፈርቼ ሳይሆን በር በተከፈተ ቁጥር አቧራ ስለሚገባ ነው። እርጥብ ቀለም ላይ አንዲት ብናኝ ካረፈች የሳምንት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። አንዳንዴ ከዓርብ ከሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ እከርማለሁ። ሰኞ ክፍል ገብቼ «እንደምን አደራችሁ» ስል ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኛል።

ወሬው መምህራን ክፍል ደርሷል። «መምህር፣ መኪናዋ ሊብሬ አወጣች?» ይሉኛል፤ ይስቃሉ። እኔም «ሹፌር አጥቼ ነው» እላለሁ፤ አብሬ እስቃለሁ። የትኛው ሹፌር እንደጠፋብኝ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

የምሠራው የአባቴን መኪና ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሊማሊሞን ቁልቁለት ሲወርዱና ሲወጡ የኖሩ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። አሁን ዳባት ከታናሽ እህታቸው ጋር ይኖራሉ። እኔ እቴቴ የምላት ይህች አክስቴ ናት የምታበላቸው፣ የምታጥባቸው፣ ፀሐይ የምታሞቃቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ቃልም ከአፋቸው አይወጣም። ያዩትን ያውቃሉ፣ የተነገራቸውን ይሰማሉ፤ መልስ ግን የለም። እኔ ደግሞ አንድ መልስ ያስፈልገኝ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ልጠይቃቸው እየፈለግሁ ነገ ነገ ስል፣ አንደበታቸው ተያዘ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ያን ቀን ተቀይመውኛል ወይ?

የዚያን ቀን ነገር ለማስረዳት ከሥራው ልጀምር። ከዘጠነኛ ክፍል አንሥቶ ክረምት በመጣ ቁጥር የአባቴ ረዳት ነበርኩ። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነው፤ ኩርባዎቹ ከመጥበባቸው የተነሣ ረጅም መኪና ባንድ ጊዜ አይዞራቸውም። አፍንጫውን ተራራው ላይ አስጠግቶ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ወደ ገደሉ ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ወደፊት። ወደ ኋላ ሲመለስ ሹፌሩ የቀኙን የኋላ ጎማ አያየውም። የሚያይለት ረዳቱ ነው። እኔ በቀኝ በር መወጣጫ ላይ ቆሜ፣ ባንድ እጄ የመስተዋቱን ብረት ይዤ፣ አንገቴን ወደ ኋላ አዙሬ ጎማውን አያለሁ፤ በሌላው እጄ በሩን እመታለሁ። ሁለቴ ከመታሁ «ቦታ አለ» ማለት ነው። አንዴ ከመታሁ «ቁም» ነው። ሞተሩ እየጮኸ ቃል ስለማይሰማ በእኔና በአባቴ መካከል የነበረው ቋንቋ ይኸው ነበር።

መዳፌ ትንሽ ስለነበረች ድምፅ አልነበራትም። ስለዚህ አውራ ጣት የምታህል ብሎን በጡጫዬ ይዤ በእሷ አንኳኳ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ከበሩ እጀታ በታች ሰማያዊው ቀለም ረግፎ ብረቱ ብቅ አለ። መዳፍ የምታክል ቦታ ናት። አባቴ ወርደው ባዩዋት ቁጥር፣ «ይህ ልጅ መኪናዬን እንደ ድንች ልጦ ሊጨርሳት ነው!» ይሉ ነበር። ብሎኗን ጣል ብለውኝ ግን አያውቁም።

አሥራ ሁለተኛን በጨረስኩበት ክረምት፣ አንድ ጠዋት፣ ኩርባ ላይ ሳለን ጉም ዋጠን። አባቴ ወደ ኋላ መመለስ ጀመሩ። ጎማው የመንገዱን ጠርዝ ሲረግጥ አየሁት። ትናንሽ ድንጋዮች ከሥሩ እየተንከባለሉ ጉሙ ውስጥ ገቡ፤ የወደቁበት አይሰማም። አንዴ መምታት ነበረብኝ። አንዴ ብቻ። እጄ እምቢ አለኝ። ብሎኗን እንደጨበጥኩ ደርቄ ቀረሁ። አባቴ ምን እንደነገራቸው አላውቅም፣ በራሳቸው ጊዜ ፍሬን ረገጡ። ወርደው፣ ዞረው አዩ። ግማሹ ጎማ አየር ላይ ነበር። እኔን አላዩኝም። ተመልሰው ገቡና ወደፊት ነዱ፤ እስከ ዛሪማ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቢሰድቡኝ፣ በጥፊ ቢያጮሉኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ዛሪማ ላይ ምሳ ሊበሉ ሲገቡ ብሎኗን ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ ወደ ደባርቅ በሚወጣ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አልተሰናበትኳቸውም።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን አልተሳፈርኩባትም። ግቢ ቆማ ሳያት እንኳ በግራ በኩል ነበር የምዞረው፤ የቀኙን በር ማየት አልፈልግም። ትምህርቴን ቀጠልኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ። ስለዚያ ኩርባ እሳቸውም አላነሱም፣ እኔም አላነሣሁም። በበዓል እሄዳለሁ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤተ ዘመዱ ጤና እናወራለን፤ እመለሳለሁ። እሳቸው ሌላ ረዳት ያዙ፣ ከሱም በኋላ ሌላ። በመጨረሻ መኪናዋም እሳቸውም ደከሙ። እሷ ጎንደር ተወስዳ ተቆራርጣ ለማቅለጫ ሄደች። የቀረው አንድ ፎቶ ነው፤ ከግራ በኩል የተነሣ፣ አባቴ ክርናቸውን በመስኮት አውጥተው።

ስትሮኩ ከመታቸው ከጥቂት ወራት በኋላ ያንን ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ አቁሜ ሳየው ዋልኩ። አፋቸው ባይናገር መኪናዋን ሲያዩ ፊታቸው ይናገር ይሆናል አልኩ። የተቀየመ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ያልተቀየመ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፣ ግን ሳየው አውቀዋለሁ ብዬ አሰብኩ። የሞኝ ሐሳብ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ግን አልነበረኝም።

አንድ ለሃያ አድርጌ ነው የሠራኋት። ካቢኗ ከቢጫ ጀሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ ነው፣ ጎማዎቿ ከአሮጌ ሲሊፐር፣ መስኮቶቿ ታጥቦ ከጠራ የራጅ ፊልም። ይህ ሁሉ ቀላሉ ነው። መከራው ቀለሙ ነው። ኔትወርክ ባለ ቀን ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ተማርኩት። በእርጅና የተላጠ ቀለም የሚመጣው ብርማ ነጥብ በላዩ በመጫር አይደለም፤ ከምር መላጥ አለበት። መጀመሪያ መኪናዋ ባንዴ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ጥቁር ትቀባለች። በጥቁሩ ላይ ስስ ብርማ ቀለም፣ በብርማው ላይ የፀጉር ስፕሬይ፣ በመጨረሻ ሰማያዊው። ስፕሬዩ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል። ብረቱ እንዲወጣ የምፈልግበትን ቦታ በራሰ ብሩሽ ሳሽ ሰማያዊው ይነሣል፣ ከሥሩም ብረት ብቅ ይላል። ሁሉም ሲያልቅ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ አይደፍረውም።

እኔ ራሰ በራ ነኝ። የፀጉር ስፕሬይ ልገዛ ስገባ ባለሱቋ አንዴ ዕቃውን፣ አንዴ ራሴን አየች፤ ከንፈሯን ነክሳ ሰጠችኝ። ጥቁሩንና ብርማውን ደግሞ የሚረጭልኝ የጋራዥ ቀለም ቀቢ ነበር። «መምህር፣ ብረት ለማስመሰል ይህን ያህል ከሚለፉ አንደኛውን ከብረት አይሠሯትም ነበር?» አለኝ። ሞክሬው ነበር። እውነተኛ ብረት ሲያንስ የቲማቲም ጣሳ ይመስላል። በዚያ መጠን ብረት የሚመስለው ብረት ያልሆነ ነገር ብቻ ነው። ይህን ስነግረው ጢሙን እያከከ ብዙ አሰበበት።

የመጀመሪያዋን ሐምሌ ላይ አበላሸኋት። ከጋራዡ ወደ ክፍሌ ባመጣኋት ማታ፣ ብርማው ሳይደርቅ ጉም በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ቀለሙን አነጣው፤ ዱቄት የተነሰነሰባት መሰለች። አንሥቼ ግድግዳው ላይ ወረወርኳት። ከዚያ ቁርጥራጩን ከአልጋው ሥር ስለቅም በዚያች ክፍል ውስጥ ሥራዬን የሚያይ፣ «አይዞህ» የሚል፣ ወይም «እብድ ነህ» የሚል ሰው እንኳ እንደሌለ ገባኝና አለቀስኩ። መስከረም እስኪጠባ ጠበቅሁና ከሀ ጀመርኩ።

በዚያ መሀል ብረት ማየት ሥራዬ ሆነ። ገበያ ስወጣ የማየው ሌላ ነገር አልነበረም። ማረሻ ከመሬት ሲወጣ ጫፉ ያበራል፣ ወደ ላይ እያለ ይጠቁራል። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር መዝጊያ፣ የሰው እጅ የሚይዘው ቦታ ብቻ ለስልሶ ያበራል። ቀስ በቀስ የተገለጠ ብረት ሁለት ዓይነት መሆኑ ገባኝ። ተመትቶ የተላጠው ጠርዙ ስለታም ነው፣ ዙሪያውን ጥቁር መስመር አለው። የሰው ገላ ያለሰለሰው ግን ጠርዝ የለውም፤ ከቀለሙ ወደ ብረቱ የሚያልፈው በዝግታ ነው። የአባቴ ክርን መስኮቱ ላይ ያወጣው ብረት ሁለተኛው ዓይነት ነበር። ለዚያች ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ፤ በብሩሽ አልሆን ብሎኝ በመጨረሻ በራሴ ጣት፣ በእርሳስ ዱቄት እያሸሁ አወጣኋት። ከፎቶው አጠገብ ሳቆማት ክርናቸው አሁን የተነሣ ይመስል ነበር።

ኮፈኑን ሙሉ በሙሉ ብረት አደረግሁት፤ ተጋጭቶ በአዲስ ላሜራ ከተሠራ በኋላ ሳይቀባ የቀረ ነበርና። የቀኙን በር ግን ሰማያዊ አድርጌ ተውኩት። ረስቼ አይደለም። ብሎን የላጠው እንዴት እንደሚሠራ አሳምሬ አውቃለሁ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ብሩሹን አርሼ ብዙ ጊዜ በሩ ድረስ አስጠግቻለሁ። በየጊዜው ግን እጄ እንደዚያ ጠዋት ደርቆ ይቀራል። ፎቶው ከግራ ስለተነሣ ማንም አያውቅብኝም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቫርኒሹን ቀለም ቀቢው ከጎንደር ሊያስመጣልኝ ቃል ገብቶ ስጠብቅ እቴቴ ደወለች። «ደከም ብለዋል፤ ብቅ ብትል ጥሩ ነው» አለችኝ። ቫርኒሹ እስኪመጣ አልጠበቅሁም። በማግስቱ ቅዳሜ መኪናዋን ካርቶን ውስጥ አድርጌ፣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ወደ ዳባት ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ካርቶኑን በጥርጣሬ ሲያዩ ቆይተው፣ «ጫጩት ነው?» አሉኝ። «አይ፣ መኪና ነው» አልኳቸው። እስከ ዳባት አላናገሩኝም።

አባቴ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ የሚያገኘው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸው እስከ አገጫቸው ተስቧል። ካለፈው በዓል ወዲህ በጣም ከስተዋል። እቴቴ ጆሯቸው ጋ ጎንበስ ብላ፣ «ወንድምጋሼ፣ ልጅዎ መጣ። ምን እንደያዘልዎት ይዩ» አለች። ካርቶኑን ፈትቼ መኪናዋን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ።

ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ግማሹ ፊታቸው ስለማይንቀሳቀስ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። ግራ እጃቸው ከጋቢው ወጣች። ኮፈኑን ዳሰሱ። ወደ መስኮቱ መጡና ክርናቸው የነበረበትን ብረት ባወቁት ጊዜ ጣታቸው እዚያው ቆመ። ከጉሮሯቸው ድምፅ ወጣ። እቴቴ «አወቋት! አወቋት እኮ!» ብላ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ግን ገና አልተነፈስኩም።

ከዚያ መኪናዋን አዞሯት። የቀኙን በር አዩ። ጣታቸው ከእጀታው በታች ሄዶ ፈለገ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ፈለገ። ቀና ብለው አዩኝ። ግንባራቸው ተቋጠረ። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፤ መልሱ መጣ። ፊታቸውን እስኪያዞሩ ጠበቅሁ።

አላዞሩም። አውራ ጣታቸውን ወደ አፋቸው ወስደው በምራቃቸው አራሱና በሩን ማሸት ጀመሩ። «ኧረ ይተዉ አባባ! ቀለሙ ገና ነው!» ብዬ ጮኽኩ። የዓመት ሥራ ነው፤ መኪናዋን ልነጥቃቸው እጄን ሰደድኩ። እቴቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዋቸው ልጄ። ያቺን ቦታ አጥተው ነው» አለች።

«የቷን ቦታ?»

«አንተ የላጥካትን ነዋ! አታውቅም እንዴ? አንድ ጊዜ መኪናዋን ሙሉ ቀለም ሊያስቀቡ ወሰዱ። ቀቢው በሩን ሊነካ ሲል፣ ያችን እንዳትነካ ብለው ተጣሉት። እኔም ምን ነክቷቸው ነው ይህን ቡራቡሬ የሚያስተርፉት ብዬ ጠየቅኋቸው። የልጄ ናት አሉኝ። ዝገት እንዳይበላት በዘይት ጨርቅ ሲወለውሏት ነው የኖሩት፣ መኪናዋ እስክትሄድ ድረስ።»

አባቴ አሁንም ያሻሉ። ምራቁ ስፕሬዩን አለሰለሰው፤ ሰማያዊው በአውራ ጣታቸው ሥር ተጠቅልሎ ተነሣ፣ ብርማው ወጣ። ቦታዋ ልክ ነበረች። መጠኗም ልክ ነበረች። ጠርዟ ግን እኔ ልሠራው አስቤው የማላውቀው ዓይነት ነበር፤ ብሎን እንደላጠው ስለታም ሳይሆን የለሰለሰ፣ በዝግታ የሚያልፍ፣ በእጅ የኖረ ብረት። ብሠራት ኖሮ እሳሳት ነበር። እኔ ከሄድኩ በኋላ ምን እንደሆነች አላየሁማ። ሃያ አምስት ዓመት በግራ በኩል ስዞር ኖሬ።

ማልቀሴን አልደበቅሁም፤ እሳቸውም የሚያዩት መኪናዋን ነበር። ፀሐይዋ ከመደቡ ላይ መሸሽ ስትጀምር የመጨረሻው የደባርቅ ሚኒባስ ረዳት ከአስፋልቱ «ደባርቅ! ደባርቅ!» ሲል ተሰማ። ሰኞ ፈተና አለብኝ፤ ያልታረመ ወረቀት ጠረጴዛዬን ሞልቶታል። ባዶውን ካርቶን አንሥቼ ቆምኩ። «መኪናዋ እርስዎ ጋ ትቆይ አባባ። ቅዳሜ ቫርኒሹን ይዤ እመጣለሁ» አልኩና ጉልበታቸውን ስሜ ወደ ግቢው በር ዞርኩ።

ከኋላዬ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር አልኩ። አባቴ ግራ እጃቸውን በመኪናዋ በር ላይ፣ ብረቱ ላይ አድርገው ያዩኛል። ሁለተኛውን ምት ጠበቅሁ፤ ሁለቴ ከሆነ ቦታ አለ፣ ሂድ ማለት ነው። ሁለተኛው አልመጣም። ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሱ፣ ቆይተው፣ በጣታቸው አንጓ እንደገና አንዴ መቱ።

«ምን ይላሉ?» አለች እቴቴ።

«ቁም ነው የሚሉኝ» አልኳት። ካርቶኑን መሬት አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ሚኒባሱም ሄደ።